የጎጃም ቡና ማሳን ለአውሮፓ ገበያ በጂፒኤስ መመዝገብ፦ ከዝግጅት እስከ ፋይል ርክክብ

ይህ መመሪያ ለመሠረታዊ ማኅበራት፣ ለዩኒየን የመስክ ሠራተኞች፣ ለአቅራቢዎችና ለቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ነው። ብዙ ቡድኖች ሳምንታት ደክመው የሰበሰቡት የማሳ ነጥብ (ማሳው የት እንዳለ የሚያሳይ የጂፒኤስ ቁጥር) ከላኪው ዘንድ ተመላሽ ይሆንባቸዋል። አንዱ ነጥብ ጣና ውኃ ላይ ያርፋል፣ ሌላው የጎረቤት ደን ውስጥ ይገባል። ነጥቡ ትክክል በሆነበትም ቦታ ጆንያው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚናገር ወረቀት አይገኝም። ሁሉም የሚስተካከል ስህተት ነው፤ የሚስተካከለው ግን መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ነው።

## ምን እየተጠየቅን ነው?

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ደንን በንግድ በኩል ለመጠበቅ የወጣ ነው። ቡና፣ ካካዎ፣ ከብት፣ ፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት ወደ አውሮፓ ሲገቡ የተመረቱበት ማሳ ነጥብ አብሮ እንዲቀርብ ያስገድዳል። ማሳው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ መሆን የለበትም። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ነው። ምርቱም የአገሩን ሕግ አክብሮ የተመረተ መሆን አለበት።

የተፈጻሚነቱ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። በ2025 መጨረሻ በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ለትልልቅና ለመካከለኛ አስመጪዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 21 ቀን 2019)፣ ለአነስተኛና ለጥቃቅን ጁን 30 ቀን 2027 (ሰኔ 23 ቀን 2019) ነው። ተራዘመ ብላችሁ አትቀመጡ። የእኛን ቡና የሚገዙት በአብዛኛው ትልልቆቹ ናቸው፤ ማሳውም መመዝገብ ያለበት ቡናው ከመለቀሙ በፊት ነው።

## ደረጃ 1፦ ከመውጣታችሁ በፊት

ወቅቱን ምረጡ። ለቀማው ካለቀ በኋላ ዝናብ ሳይገባ፣ ማለትም ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሥሩ። በክረምት ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይላል፣ የስልኩ ንባብ ይዋልላል፣ ማሳ ለማሳ መዞሩም በጭቃ ነው።

ስልኩን አዘጋጁ። ጂፒኤስ ያለው ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ይበቃል። ኮቦ ኮሌክት ወይም ኦዲኬ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ጫኑ፣ የመመዝገቢያ ቅጹን ከተማ ሳላችሁ አውርዱ። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ጠፋ ብላችሁ ሥራ አታቁሙ። መረቡ በሌለበት ግን ስልኩ ሳተላይቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማግኘት ብዙ ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ጠዋት ገላጣ ቦታ ላይ ከፍታችሁ ጠብቁት።

የሚከተሉትን አራት ነገሮች በየስልኩ ራሳችሁ አረጋግጡ፦

- የነጥብ አጻጻፉ በአሥርዮሽ ዲግሪ ይሁን፣ ከነጥቡ በኋላ 6 አሃዝ ይኑረው።
- የመለኪያ መሠረቱ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ መሠረት) ይሁን።
- ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ። ቆጣቢው ሲበራ ጂፒኤሱ በየመሐሉ ይተኛል።
- ሙሉ ፓወር ባንክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዝ። ስልክ ይወድቃል፣ ውኃ ይገባዋል፤ ቁጥሩ በደብተር ላይ ካለ ግን ቀኑ አይባክንም።

ስድስት አሃዝ ለምን? አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ከጻፋችሁ ነጥቡ እስከ መቶ ሜትር ድረስ ሊዛነፍ ይችላል፤ አራት ሲሆን 11 ሜትር፣ ስድስት ሲሆን 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መጨረሻው አሃዝ ዜሮ ከሆነ ኤክሴል ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ዓምዱን ቀድማችሁ ወደ ጽሑፍ ለውጡት።

ገበሬውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው ሲያይ ግብር ሊጨመርብኝ ነው፣ መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ መስጋቱ ተገቢ ነው። ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አንድ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። መረጃው ለምን እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በግልጽ ንገሩ። ባልየው ብቻ ሳይሆን ሚስቲቱም ትስማ፤ በክልሉ የይዞታ ደብተር ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ አለ።

## ደረጃ 2፦ የማሳ ዝርዝር አዘጋጁ

ዝርዝሩ በሰው ሳይሆን በማሳ ይሁን። አንድ ገበሬ ጓሮው ላይ ቡና ካለውና ወንዝ ማዶ ሌላ ካለው ሁለት መስመር፣ ሁለት ነጥብ ነው።

ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥር ስጡ። የይዞታ ደብተር ቁጥርንና የማሳ ቁጥርን አያይዞ መጠቀም ይሻላል፤ ስም ብቻውን አይበቃም። በአንድ ቀበሌ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ከነአባታቸው ሊኖራቸው ይችላል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ጸ»፣ «ኀ» እና «ቀ» በየጸሐፊው ይለያያሉ። ፊደላቱን እንዴት እንደምትገለብጡ በአንድ ሠንጠረዥ ወስናችሁ ለሁሉም መዝጋቢ አድሉ።

ስፋቱን በሄክታር ጻፉ። ቃዳም ሆነ ጥማድ እንደ ሩብ ሄክታር ይያዛል፤ ስለዚህ 4 ሄክታር 16 ቃዳ መሆኑ ነው። ነገር ግን ሰው በአፉ «አንድ ቃዳ» የሚለው መሬት ሲለካ ብዙ ጊዜ ይበልጣል ወይም ያንሳል። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ (ማሳው ተለክቶ በካርታ የተሰጠው) ካለ ስፋቱን ከዚያ ውሰዱ። ቡናው ከጌሾ ወይም ከሎሚ ጋር ተሰባጥሮ ከሆነ ቡና የያዘውን ክፍል ብቻ ገምቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስፋቱን ባዶ አትተዉ። በአውሮፓው የመረጃ ሥርዓት ነጥብ ብቻ ገብቶ ስፋት ካልተጻፈ ማሳው 4 ሄክታር ተብሎ ይያዛል። በክብ ሲታሰብ ከነጥቡ በየአቅጣጫው 113 ሜትር ገደማ ነው። እውነተኛው ሩብ ሄክታር ግን 28 ሜትር ብቻ ይዘልቃል። የቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብ ያለች የአንዲት እናት ጓሮ፣ ስፋቷ ስላልተጻፈ ብቻ ደኑን ሁሉ ያቀፈች ትመስላለች። በሠራተኛ ቸልታ እንዲህ ዓይነት ሰው ገበያ ማጣት የለበትም።

## ደረጃ 3፦ ነጥብ መውሰድ (እስከ 4 ሄክታር)

ከ4 ሄክታር ላልበለጠ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። የጎጃም ቡና ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

1. ከባለይዞታው ጋር ወሰኑን በዓይን ዙሩ። ወዴት እንደሚያልቅ በጣቱ ያሳያችሁ።
2. ወደ ማሳው መሐል ግቡ። በር ላይ፣ አጥር ሥር ወይም መንገድ ዳር ቆማችሁ አትውሰዱ።
3. ስልኩን ደረት ላይ አግድም ያዙ፣ አትንቀሳቀሱ።
4. የስህተት መጠኑን የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከቱ። ዋንዛ ሥር ቆማችሁ ስትከፍቱት 28 ሜትር ሊል ይችላል። አትቸኩሉ፤ ቆይቶ ወደ 19፣ ወደ 11፣ ወደ 7 ይወርዳል። ገላጣ ላይ 5 ሜትር፣ ጥላ ሥር ከ10 ሜትር በታች ሲሆን መዝግቡ።
5. ቁጥሩን በደብተር ላይ ገልብጡ፣ የማሳ መለያውን አጠገቡ ጻፉ።
6. ባላችሁበት ቆማችሁ ወደ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብና ወደ ላይ አምስት ፎቶ አንሡ። ለደረጃ 5 ትፈልጉታላችሁ።

ቁጥሩ አልወርድ ካለ። ሩብ ሄክታር 50 በ50 ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ ከሆናችሁ 10 ሜትር ቢዛነፍም ከማሳው አትወጡም። 20 በ20 ሜትር በሆነች ጓሮ ግን ከመሐል እስከ ዳር 10 ሜትር ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ሙሉ በሙሉ ጎረቤት ውስጥ ሊጥላችሁ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ማሳው ገላጣ ክፍል ተጠጉ፣ ወይም ሦስት ጊዜ ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ፣ ማታ በሳተላይት ምስል ላይ ከጣሪያው ወይም ከመንገዱ ጋር አስተያዩት። ቤት ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ሥር የተወሰደ ነጥብ ግን ጨርሶ አይጠገንም፤ ድገሙት።

## ደረጃ 4፦ ዙሪያውን መመዝገብ (ከ4 ሄክታር በላይ)

የባለሀብት እርሻ፣ የማኅበር ወይም የገዳም ይዞታ ከ4 ሄክታር ከበለጠ አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ወሰኑ በሙሉ መዞር አለበት። 4 ሄክታር የሚቆጠረው በአንድ ማሳ እንጂ በአንድ ሰው አይደለም። አምስት ሄክታር በአራት ቦታ ያለው ሰው አራት ነጥብ ነው የሚያስፈልገው።

በየማዕዘኑ ቆማችሁ ነጥብ ውሰዱ። ስልኩ በየሰከንዱ ራሱ እንዲመዘግብ አትተዉት፤ ዛፍ ሥር ወዲህና ወዲያ ይዋልልና መስመሩ ራሱን ያቋርጣል። ራሱን ያቋረጠ ቅርጽ ሥርዓቱ አይቀበለውም። የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ ቅርጹ መዘጋት አለበት። ያቋረጠውን ቅርጽ በኪውጂአይኤስ (ነጻ የካርታ ሶፍትዌር) ከፍታችሁ የተሻገረውን ማዕዘን ወደ ቦታው መልሱት፤ የትኛው ማዕዘን እንደሆነ ካላወቃችሁ ገምታችሁ አታስተካክሉ፣ ተመለሱና ዙሩት።

## ደረጃ 5፦ የደን ጥያቄ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ብዙ ቡናም በከንቱ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉ ዛፎችና ከ10 በመቶ በላይ የጥላ ሽፋን ያለውን መሬት ነው፤ በዋናነት ለእርሻ ወይም ለመኖሪያ የሚውለውን አይጨምርም። ከዋንዛ፣ ከብሳናና ከግራቪሊያ ጥላ ሥር ያለ የቆየ የቡና ጓሮ እንግዲህ እርሻ ነው። የሳተላይት ካርታ ግን ከላይ ስለሚያይ ዛፉን እንጂ ቡናውን አያይም። የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የ2020 የደን ካርታ እንዲህ ያለውን ጓሮ ደን ብሎ ሊቀባው ይችላል። ካርታው ማመሳከሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ማስረጃ ካቀረባችሁ ይስተካከላል።

የማጣሪያው ቅደም ተከተል

1. ነጥቦቹን ሁሉ በ2020ው የደን ካርታ ላይ ጣሉ። ደን ላይ ያረፉትን ለብቻ አውጡ።
2. ለእነዚህ ብቻ በጎግል ኧርዝ የቀድሞ ምስሎችን ወይም ሴንቲነል 2 የተባለውን የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ተመልከቱ። የ2020ን በጋ ከዘንድሮ በጋ ጋር አስተያዩ። በጋን ከክረምት ጋር አታወዳድሩ፤ በነሐሴ የማይለመልም ነገር የለምና ያሳስታችኋል።
3. የዛፉ ጥላ በሁለቱም ላይ ያው ከሆነ ምስሎቹን፣ አምስቱን ፎቶዎችና የይዞታ ደብተሩን ቅጂ አንድ ላይ አኑሩ።
4. ጥላው ከ2020 በኋላ ተገልጦ ከሆነ ገበሬውን ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉ።

ስትጠይቁ «ዲሴምበር 31 ቀን 2020» አትበሉ። «ይህ ቡና የተተከለው ኮሮና ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ። ኮሮና የገባው መጋቢት 2012 ነው፤ ወሳኙ ቀን ደግሞ ከእሱ በኋላ ከመጣው ገና አንድ ሳምንት ይቀድማል። «ከዚያ ገና በፊት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?» ብትሉ ሰው በደንብ ያስታውሳል።

ዘጌን የመሰለ ቦታ ሲገጥማችሁ። ከአገር በቀል ዛፍ ሥር ቡና በሚለቀምበት ቦታ ደኑ ደን ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ቡና መልቀሙ ምንጠራ አይደለም። ዛፉን ቆርጦ፣ ሥሩን ጠርጎ፣ በመስመር ቡና መትከል ግን መሬቱን ወደ እርሻ መቀየር ነው፤ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በኋላ ከተደረገ ያ ማሳ አያልፍም። «ምርት ለመጨመር ጥላውን አሳሱ» የሚል ምክር የምትሰጡ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የተቆረጠው ሰሳ አይመለስም፣ ማሳውም ከገበያው ይወጣል።

ባሕር ዛፍና ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት)። ጎጃም ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው። በሰው እጅ የተተከለ ደንም በትርጉሙ ደን ነው። ከግማሽ ሄክታር በላይ የነበረ የባሕር ዛፍ ተክል ከ2013 ታኅሣሥ በኋላ ተነቅሎ ቡና ከተተከለበት እንደ ምንጠራ ሊቆጠር ይችላል። ገበሬው መልካም ሥራ እንደሠራ ነው የሚያስበው፤ ማንም አልነገረውም። ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ቢሆንም ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ጋር ተያይዞ የቆመ ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። በአዊ የዲከረንስ ተክል ባለባቸው ቀበሌዎች ይህን ጥያቄ ከዝርዝራችሁ እንዳታወጡ። አጠራጣሪውን ማሳ አትደብቁ፤ ለብቻ ምልክት አድርጋችሁ ላኪው እንዲወስን ስጡት።

## ደረጃ 6፦ ፋይሉን ማዘጋጀት

ሥርዓቱ የሚቀበለው ጂኦጄሰን የሚባለውን የፋይል ዓይነት ነው። ከኮቦ ወይም ከኤክሴል የወጣውን ሠንጠረዥ በኪውጂአይኤስ ከፍታችሁ ወደዚህ መቀየር ይቻላል። ከመላካችሁ በፊት ነጥቦቹን በሙሉ በካርታ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። ሁሉም ቀበሌያችሁ ውስጥ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የወደቁበት ቦታ ራሱ ስህተቱን ይነግራችኋል፦

- ነጥቡ በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል ባሕር ላይ ካረፈ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገላብጠዋል። በጂኦጄሰን ኬንትሮስ ይቀድማል፤ ለዘጌ 37 ነጥብ ምናምኑ መጀመሪያ፣ 11 ነጥብ ምናምኑ ሁለተኛ ነው። ሰው በአፉ የሚጠራው ግን በተቃራኒው ስለሆነ ስህተቱ በየጊዜው ይደገማል። ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሩ።
- በአሥር ኪሎ ሜትሮች ከራቀ ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ እንደ አሥርዮሽ ተጽፏል። ለምሳሌ 11 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ማለት 11.704500 ነው (42ን ለ60፣ 16.2ን ለ3600 አካፍሉና ደምሩ)። 11.42162 ብሎ የጻፈ ሰው ማሳውን 31 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወስዶታል።
- ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ 200 ሜትር ያህል ከተገፋ ከመሬት አስተዳደር ካርታ የተወሰደ ነው። የአገራችን ካርታዎች ብዙ ጊዜ አዲንዳን በሚባለው መሠረት የተሠሩ ናቸው። ምንጩን አዲንዳን፣ ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ መረብ) ዞን 37 ሰሜን ብላችሁ ሰይሙና ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ለውጡ። ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተ ምዕራብ ላለ መሬት፣ ወደ መተከል በኩል፣ ዞኑ 36 ነው።
- ቁጥሩ ባለ 6 እና ባለ 7 አሃዝ ከሆነ (318 ሺህና 1 ሚሊዮን 294 ሺህ ገደማ) የሜትር ልኬት ነው፤ ከላይ ባለው መንገድ ይለወጣል።
- ሁለት ማሳ አንድ ዓይነት ነጥብ ካላቸው መዝጋቢው አንድ ቦታ ተቀምጦ ሞልቶታል። የዚያን ሰው የዕለቱን ሥራ በሙሉ አትቀበሉ።

ፋይሉን ለላኪው ስትሰጡ አንድ ሙሉ ቅጂ በማኅበሩ እጅ ይቅር። ብቸኛው ቅጂ ላኪው ዘንድ ከሆነ የተሻለ ገዥ ሲመጣ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል፤ ማኅበሩ የመደራደር አቅሙን የሚያጣው እንዲህ ነው።

## ደረጃ 7፦ ነጥቡን ከጆንያው ጋር ማሰር

የማሳው ነጥብ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጆንያው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ደንቡ የታወቀና ያልታወቀ ቡና ቀላቅሎ በመቶኛ ማካፈልን አይፈቅድም።

1. በመረከቢያው ደረሰኝ ላይ የማሳ መለያ፣ ኪሎና ቀን ይጻፍ። መለያ የሌለውን ቡና በሌላ መደብ፣ በሌላ ጥግ አስቀምጡ።
2. ለእያንዳንዱ የሽያጭ ስብስብ ቁጥር ስጡ፣ በጆንያው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት፣ ውስጡም ካርድ ክተቱ። ላዩ ይፋቃል።
3. በስብስቡ የገቡትን የማሳ መለያዎች ዝርዝር ያዙ፤ ዝርዝሩ ከዋናው ፋይል ጋር አንድ መሆን አለበት።
4. መጠኑን መዝኑ። ለ1 ኪሎ ንጹሕ ቡና 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ከሆነ 2 ኪሎ ያህል። በሄክታር 8 ኩንታል ብንይዝ ከአንድ ቃዳ 2 ኩንታል ንጹሕ ቡና ይጠበቃል። 6 ኩንታል ካመጣ የአማቹን ቡና በራሱ ስም አስገብቶ ሊሆን ይችላል። አትቆጡት፤ የአማችየውንም ማሳ መዝግቡና ለሁለት ክፈሉት።
5. ደረሰኞቹን 5 ዓመት አስቀምጡ። አስመጪው ሰነዱን ለ5 ዓመት እንዲያቆይ ይገደዳል፣ ሲጠየቅም ወደ እናንተ ይመጣል።

## ስብስቡ ተመላሽ ከሆነ

መጀመሪያ ላኪው የትኛው የማሳ መለያ እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ በጽሑፍ ይስጣችሁ። «ነጥባችሁ ችግር አለበት» የሚል ቃል አትቀበሉ። የአጻጻፍ ስህተት ከሆነ ደረጃ 6ን ድገሙ፤ ደን ላይ ወደቀ ከተባለ የደረጃ 5ን ማስረጃ ላኩ። ማሳው በእውነት ከደን የተቀየረ ከሆነ መለያውን ከዝርዝሩ አውጡ፣ ቡናውንም ከስብስቡ ለዩ። ጆንያው ገና ካልተቀላቀለ የሚወጣው የአንድ ሰው ቡና ብቻ ነው። ተቀላቅሎ ከሆነ ግን ስብስቡ በሙሉ ወደ አውሮፓ አይሄድም፤ ለሌላ ገበያ ሽጡት፣ ለሚቀጥለው ርክክብም የመጋዘኑን መደቦች በማሳ መለያ ከፋፍሉ።